የስፒከር ወረቀትና የብሩሽ ሊቃውንት

የስፒከር ዋጋ የአንድ ወር የቤት ኪራይም ይሁን የአንድ አውቶሞቢል፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ የሚወጣው ከወረቀት ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚቆጥረው በስስ የእንጨት ልባጥ ላማረው ሣጥን፣ በወርቅ ቅብ ለሚያብለጨልጨው የሽቦ ማያያዣና በላዩ ለተለጠፈው የፋብሪካ ስም ሲሆን፣ ከመረቡ በስተጀርባ ተቀምጦ የሚዘፍነው ግን ከተፈጨና ከተቀቀለ የእንጨት ቃጫ ተጣርቶ የወጣ፣ ከዕቃ መጠቅለያ ካርቶን ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ወረቀት ነው። ይህን እውነት አብዛኛው ሰው አያውቀውም፤ ከሚያውቁትም ብዙዎቹ ሙዚቃው እስከ ተሰማ ድረስ ግድ አይሰጣቸውም። በየአገሩ ተበትነው የሚገኙ ጥቂት ሰዎች ግን ወረቀት መሆኑን ካወቁበት ዕለት ጀምሮ አንድ ነገር ካልቀቡት እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም፤ ቫርኒሽ፣ ኮላ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የነፍሳት ሙጫ፣ ሌላው ቀርቶ የመኪና ፍሬን ዘይት ሳይቀር በየተራ ሞክረውበታል፤ ሞክረውም ድምፁ በእጅጉ እንደ ተሻሻለ ያልመሰከሩበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ በውል እንዲገባ በመጀመሪያ የዕቃውን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ሾጣጣ ቅርጽ ስላለው ኮን ይባላል፤ ከሾጣጣው ጫፍ ላይ ኮይል የተባለ የቀጭን ሽቦ ጥቅል ተጣብቋል። ኮይሉ በማግኔት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀመጥና፣ ከአምፕሊፋየር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ጅረት አቅጣጫውን በለዋወጠ ቁጥር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ ወረቀቱ አየሩን ይገፋል፤ የተገፋው አየር ጆሮ ሲደርስ ዘፈን ወይም ዜና ይሆናል። የኮኑ ውጫዊ ዳር ከጨርቅ፣ ከጎማ ወይም ከስፖንጅ በተሠራ ተጣጣፊ ጠርዝ፣ ውስጠኛው ጫፉ ደግሞ እጥፋቱ በበዛ ጨርቅ ተይዟል። በየአደባባዩ ምሰሶ ላይ የሚታየው አፈ ሰፊ ቱሩምባ ከዚህ ጉዳይ ውጪ ነው፤ በውስጡ የሚንቀጠቀጠው ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ስለሆነ የሚቀባ ወረቀት የለውም፣ ስለዚህም ጎረቤትን እንጂ ቀቢን አስቸግሮ አያውቅም።

የዕቃው የዘር ሐረግ ረጅም ነው። በማግኔት ውስጥ የሚንቀሳቀስን ኮይል ሐሳብ ጀርመናዊው ቨርነር ሲመንስ በ1874፣ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅም በ1898 በባለቤትነት መብት አስመዝግበዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ የዛሬው የወረቀት ስፒከር ወላጆች ተደርገው የሚቆጠሩት በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ሲሆኑ፣ ቱሩምባ የማያስፈልገውን አዲሱን ስፒከራቸውን ለሙያ ማኅበራቸው በጽሑፍ ያስተዋወቁት በ1925 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት መቶ ዓመታት አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየም፣ ካርቦን ፋይበር፣ የጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ኬቭላርና ቁጥር ስፍር የሌለው የፕላስቲክ ዓይነት ወረቀቱን ከመንበሩ ለማውረድ ተሰልፈዋል፤ አንዳቸውም ፈጽሞ አላወረዱትም። ምክንያቱ ወረቀት በአንዱም ነገር አንደኛ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ደኅና ሆኖ መገኘቱ ነው፤ አንደኛ ቀላል ነው፤ ሁለተኛ ለክብደቱ ግትር ነው፣ ማለትም በቀላሉ አይታጠፍም፤ ሦስተኛ ርግበት አለው፣ ይኸውም በውስጡ የገባውን ንዝረት በቃጫዎቹ መካከል በሚፈጠር ሰበቃ ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። ብረት ከወረቀት ይልቅ ግትር ነው፤ አንዴ ሲመታ ግን ቶሎ ዝም አይልም። ፕላስቲክ ቶሎ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ልል ነው።

የቀቢዎችን ልብ የሚያቆስለው የወረቀቱ ጉድለት የሚጀምረው ከፍ ባለ ድግግሞሽ ላይ ነው። ድግግሞሽ አንድ ነገር በሴኮንድ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት ሲሆን፣ መለኪያው ኸርዝ ይባላል። በጥቂት መቶ ኸርዝ ኮኑ እንደ አንድ ወጥ አካል ይሄዳል ይመጣል፤ ድግግሞሹ ሲያድግ ግን ወረቀቱ አንድነቱን ያጣና፣ መሐሉ በኮይሉ ተገፍቶ አዲሱን ትእዛዝ ሲፈጽም ዳሩ ገና ያለፈውን ትእዛዝ በመፈጸም ላይ ይገኛል። ከመሐል የተነሣው ሞገድ ወደ ዳር ሮጦ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል፤ ሂያጁና ተመላሹ በተወሰኑ ድግግሞሾች ላይ ሲገጣጠሙም ቋሚ ሞገድ የሚባለው ይፈጠራል፣ ይህም ከወረቀቱ አንዳንዱ ክፍል በኃይል ሲርገበገብ ሌላው ቆሞ የሚቀርበት ሁኔታ ነው። በ16 ወይም በ20 ሴንቲ ሜትር የወረቀት ስፒከር ላይ ይህ ነገር ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ጎልቶ ይታያል፤ ተፈጥሮ የሰውን ጆሮ እጅግ ንቁ አድርጋ የሠራችውም ሌላ ቦታ አጥታ ይመስል በዚሁ ክልል ነው። ውጤቱ የዘፋኟ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጮህ፣ የዋሽንቱን ጫፍ የሚያሾል፣ አድማጩም ምክንያቱን ሳያውቅ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ የሚያስገድደው ሻካራነት ነው።

እንግዲህ ወረቀቱን በአንድ ነገር ቀብቶ ይህን ንዝረት ማብረድ ይቻላል የሚለው ሐሳብ እብደት አይደለም። ፋብሪካዎች ራሳቸው ገና ከጥንት ጀምሮ ያደርጉታል፤ የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከርን ጠርዝ በጣቱ የነካ ሰው፣ ዕቃው ከተሠራ ዐሥር ዓመት አልፎትም ቢሆን፣ የማይደርቅ የሚያጣብቅ ነገር እጁ ላይ ሊቀርበት ይችላል፤ ያም ወደ ዳር የሚሮጠው ሞገድ ተመልሶ እንዳይመጣ ታስቦ በፋብሪካ የተቀባ ነው። በዚህ መስክ ከሁሉ የሚደነቀው ታሪክ ግን የብሪታንያው ብሮድካስት ኮርፖሬሽን፣ የቢቢሲ፣ የምርምር ክፍል ታሪክ ነው። የክፍሉ መሐንዲሶች በ1960ዎቹ በወረቀት ተማረሩ፤ የተማረሩትም በድምፁ ብቻ ሳይሆን፣ ወረቀት እርጥበት ስለሚጠጣና ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ጠባዩ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የተለካው ስፒከር የነገውን ሊመስል ባለመቻሉ ነው። ስለዚህ ወረቀትን ትተው ቤክስትሪን ወደሚባል፣ ከፖሊስታይሪን ወገን ወደሆነ ፕላስቲክ ተሻገሩ። ቤክስትሪን ከወረቀት ይልቅ ቃሉን የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ፤ ዳሩ ግን የራሱ የሆነ ንዝረት ስለነበረው፣ ያንን ለማብረድ ሲባል በኮላ ዘመድ በሆነ ፖሊቪኒል አሲቴት ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ ይቀባ ጀመር። ከወረቀት የሸሹት ሊቃውንት በመጨረሻ ያው ብሩሽ ይዘው ተገኙ ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ስመ ጥር የሆነው፣ ኤልኤስ3/5ኤ የተባለው የቢቢሲ ትንሽ ስፒከር ኮንም ከእነዚህ ከተቀቡት አንዱ ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የምርምሩ መሪ የነበረው ዳድሊ ሃርውድ በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን ፕላስቲክ ለኮን አገልግሎት አስመዘገበ፤ ይህ ፕላስቲክ በራሱ በቂ ርግበት ያለው ሲሆን፣ በዚያ ላይ ኮላም ሆነ ቀለም በቀላሉ እሺ ብሎ የማይጣበቅበት ነገር ነው። የብሩሽን ዘመን ለመዝጋት ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ መቀባት የማያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን መቀባትን የሚከለክለውን አገኘ። ሃርውድ በ1977 ያቋቋመውን ኩባንያ ሃርቤዝ ሲል ከራሱና ከሚስቱ ከኤልሳቤጥ ስም ቆርጦ ሰየመው፤ ቀደም ሲል በዚያው የምርምር ክፍል አብሮት የሠራው ስፔንሰር ሂዩዝም እንደዚሁ ከራሱና ከሚስቱ ከዶሮቲ ስም ስፔንዶር የሚል ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ስፒከር ሠሪዎች የኩባንያቸውን ግማሽ ስም ለሚስቶቻቸው የሚሰጡበትን ምክንያት መገመት፣ ሙጫና ፕላስቲክ በሚሞቅበት ቤት ለኖረ አንባቢ ሁሉ የሚያስቸግር አይደለም።

ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ግለሰቦች ቤት ሲገባ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የግል ቀቢዎች እጅግ የሚወዱት ዕቃ በአንድ ነጠላ ኮን የዝቅተኛውንም የከፍተኛውንም ድምፅ ሥራ እንዲሠራ የታሰበ ትንሽ ስፒከር ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ በ1964 የወጣውና ጃፓናዊው ፎስቴክስ በልዩ ልዩ እትም የሚያመርተው ኤፍኢ103 የተባለው ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ስፒከር የቀቢዎች ሁሉ ቤተ ሙከራ ሆኗል። (ይኸው ኩባንያ በኋለኞቹ ዘመናት ለኮኑ የሙዝ ቃጫ ተጠቅሟል፤ የጉራጌና የሲዳማ እንሰት የዚሁ የሙዝ ቤተሰብ አባል ስለሆነ፣ የቆጮውን ቃጫ ገመድ ብቻ አድርጎ የተወው ሰው ሐሳቡን እንደገና ሊያጤን ይገባዋል።) በዚህ ወረቀት ላይ የሚቀባው ነገር ዝርዝር የመድኃኒት ቤት መደርደሪያን ያስንቃል። አንዳንዱ ዳማር ይቀባል፤ ዳማር በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅሉ ዛፎች የሚወጣ፣ በተርፔንታይን ሟሙቶ ሠዓሊዎች ላለቀ ሥዕል መጨረሻ የሚቀቡት ሙጫ ነው። ሌላው ሼላክ ይመርጣል፤ ይህ ደግሞ በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖር ጥቃቅን ነፍሳት ከሰውነቱ የሚያወጣው፣ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ሲሆን፣ የድሮዎቹ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች የተሠሩት ከእሱ ነበር፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን አገር ያስቀረጹት ዜማ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚሁ የነፍሳት ሙጫ ላይ ተጽፎ ነው። ድሀና ሰነፍ የሆነው ቀቢ ደግሞ የተማሪ ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኖ ይጠቀማል፤ በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ከሁሉ ብልሁ እሱ ነው።

ከዚህ የረቀቁም አሉ። አንድ የኦስትሪያ ቫዮሊን ሠሪ ያወጣው ላከር አለ፤ ከጀርባው የቆመው ንድፈ ሐሳብ የሰው ጆሮ ከካርቦን የተሠራና 37 ዲግሪ ሙቀት ያለው ስለሆነ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ያለ ካርቦን ጠባይ ያለው ቅብ ለጆሮ ተፈጥሯዊ ሆኖ ይሰማል የሚል ነው። በወባ ተይዞ 39 ዲግሪ የደረሰ አድማጭ የተለየ ቆርቆሮ መግዛት ይኖርበት እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ሌሎች ደግሞ ኮኑን ሙሉ በሙሉ ከመቀባት ይልቅ፣ በብዕር ጫፍ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ነጠብጣቦችን በመሐሉና በዳሩ ዙሪያ በሁለት ረድፍ እያፈራረቁ ይደረድራሉ፤ ሥራው በጎንደር ዘመን ብራና ላይ ሐረግ የጣለን ደብተራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሲጠናቀቅ ስፒከሩ የሚያምር መሆኑን የሚክድ የለም። የፍሬን ዘይት የሚቀቡትም ዓላማ አላቸው፤ በዕድሜ የደረቀ የጨርቅ ጠርዝ በእርግጥ ይለሰልስላቸዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዘይት የመኪና ቀለም የሚልጥ ነገር ነው፤ ጠርዙን ካለሰለሰ በኋላ በቃኝ ብሎ ይቆማል ብሎ ማመን የዋህነት ይሆናል።

ቀቢዎች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ የማይግባቡበት ዋናው ምክንያት ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን አንድ ስም ሰጥተው መነሣታቸው ነው። ሼላክና ዳማር ሲደርቁ ጠጣር ይሆናሉ፤ ስለዚህ የወረቀቱን ግትርነት ጨምረው ቋሚው ሞገድ የሚነሣበትን ድግግሞሽ ወደ ላይ ይገፉታል፣ ነገር ግን በዚያ በአዲሱ ቦታው ላይ ንዝረቱ ከቀድሞው የሾለ ሊሆን ይችላል። ኮላና ሌሎች ከደረቁም በኋላ ተጣጣፊ ሆነው የሚቀሩ ቅቦች ግን ብዙም ግትርነት ሳይጨምሩ ርግበትን ይጨምራሉ፤ ሞገዱ በቦታው ይቆይና ጉልበቱ ይቀንሳል። አንደኛው ወገን ድምፁ ጠራ ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ድምፁ ለዘበ ሲል፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ አንዱ የሌላውን አዘገጃጀት ተውሶ የራሱን ውጤት ሲጠብቅ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለው አነጋገር በዚህ መስክ በየሳምንቱ ይፈጸማል።

ሥራው ራሱ ቢታይ እንዲህ ነው። ቀቢው ስፒከሩን ከሣጥኑ ፈትቶ ኮኑ ወደ ላይ እንዲመለከት ጠረጴዛ ላይ ያጋድመዋል፤ በአንድ ቆርኪ ውስጥ ኮላና ውኃ እኩል ለእኩል ይቀላቅላል፤ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ነክሮ፣ ትርፉን በቆርኪው ከንፈር ላይ አራግፎ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየጎተተ በስሱ ይቀባል። ጥቁሩ ወረቀት ወዲያው ነጭ ይለብሳል፤ ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ይህ ሰዓት ነው። ውኃው ሲተን ነጭነቱ ጠፍቶ ከሥሩ የጠለቀ ጥቁረት ብቅ ይላል። አደጋው ያለው በመካከል ነው፤ የወረቀት ቃጫዎች ተያይዘው የቆሙት ውኃ በሚፈታው ትስስር ስለሆነ፣ ኮኑ ርጥብ ሆኖ ሳለ በብሩሽ መጫን ወይም ቶሎ ብሎ ሙዚቃ መክፈት ቅርጹን ለዘለቄታው ሊያጣምመው ይችላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደተባለው፣ ጠብታዋ የኮኑን መሐል በሚሸፍነው ቆብ ዙሪያ አልፋ ኮይሉ ወደሚንሳፈፍበት ክፍተት ከገባች ደግሞ፣ ፍጹም ርግበት ይገኛል፤ ስፒከሩ ሁለተኛ አይንቀሳቀስም።

ከሥነ ሥርዓቱ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሚዛን ነው። የስፒከር ቅልጥፍና፣ ማለትም ከገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ድምፅ የሚለወጠው ድርሻ፣ ከሚንቀሳቀሰው አካል ክብደት ስኩዌር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። ኮኑ፣ ኮይሉና የሚጎተቱት ነገሮች ሁሉ ተደምረው 2.5 ግራም በሚመዝኑበት ትንሽ ስፒከር ላይ አንድ ግራም ቅብ ቢጨመር፣ ቅልጥፍናው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ልዩነቱ በድምፅ መለኪያ 3 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ የቀድሞውን ጩኸት ለማግኘት የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያው ልክ ኮኑ በተፈጥሮው መወዛወዝ የሚወድበት ዝቅተኛ ድግግሞሽ ይወርዳል፤ 80 ኸርዝ የነበረው 68 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ቀቢው ቤዙ ጠለቀ፣ ሹሉ ድምፅ ረገበ ብሎ ሲመሰክር አልዋሸም፤ ያን ተአምር ያደረገው ግን ዳማሩ ወይም የቫዮሊኑ ምሥጢር ሳይሆን ግራሙ ነው፣ የዚያኑ ያህል ጭቃ ቢለጠፍበትም ቤዙ በዚያው መጠን በጠለቀ ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም፤ መሐንዲሶች የስፒከርን ጠባይ የሚለኩት ክብደቱ የታወቀ የሚለጠፍ ሊጥ ኮኑ ላይ ለጥፈው ድግግሞሹ ምን ያህል እንደ ወረደ በማየት ነው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚቀባው ጆሮ ነው። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ የአንድ ስፒከር አምራች ኩባንያ ሠራተኞች የሆኑ አድማጮች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተጋርደው እንዲያዳምጡ ተደረገ፤ ያዩ ጊዜ ትልልቆቹና ውዶቹ ከፍ ያለ ነጥብ ሲያገኙ፣ በመጋረጃው ጊዜ ግን ልዩነቱ እጅግ ጠበበ፣ ትንሹና ርካሹም ከተናቀበት ቦታ ተነሣ። እነዚያ ሰዎች ስፒከሩን ያዩት እንጂ የቀቡት አልነበሩም። ቅዳሜና እሑዱን አጎንብሶ ሲቀባ የዋለ፣ ለላከሩ ከስፒከሩ ዋጋ በላይ የከፈለ፣ ከዚያም አንድ ቀን ሙሉ እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ሙዚቃውን ሲከፍት ምንም ለውጥ እንዳልሰማ ይመሰክራል ብሎ መጠበቅ ጭካኔ ይሆናል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ልብ አስቀድሞ ካየ ደግሞ ጆሮ ይከተላል። ምስክርነቱ ደካማ መስሎ ሲታይ ደግሞ አንድ ቋሚ ምስክር ይጠራል፤ ይኸውም ስለ ስፒከር ደንታ የሌላት፣ ነገር ግን ከማድ ቤት ሆና «ዛሬ ደግሞ ምን ነክተኸው ነው?» ያለች የተባለች ሚስት ነች። ቤቱ በተርፔንታይን ታጥኖ በሰነበተበት ሁኔታ ጥያቄዋ ስለ ድምፁ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም።

የስፒከር ወረቀት በመቀባት ብቻ አልተፈተነም፤ ተቃራኒውን መንገድ የተከተሉም ነበሩ፣ ታሪክም ከቀቢዎቹ ይልቅ እነሱን አክብሯል። በ1951 ሜምፊስ ውስጥ «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ የጊታሩ አምፕሊፋየር ጉዳት ደርሶበት ስለነበር፣ በተጎዳው ስፒከር ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቆ ሥራው ቀጠለ፤ ሻካራው ድምፅ ዘፈኑን አስወደደው። ሊንክ ሬይ የተባለው ጊታር ተጫዋች በ1958 የወጣውን «ራምብል» ሲሠራ ስፒከሩን በእርሳስ በሳስቶታል፤ ሙዚቃው አንድም ቃል የሌለው ሆኖ ሳለ አንዳንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሁከት ያነሣሣል ብለው ከለከሉት፣ ለወረቀት ቀዳዳ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ተሰጥቶት አያውቅም። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ባንዱ ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ኮን በምላጭ ሸንትሮ በዓለም የታወቀውን የጊታር ጩኸት አገኘ። አንድም የስፒከር ቀቢ እስከ ዛሬ በብሩሹ ምክንያት የሙዚቃን ታሪክ አልለወጠም፤ ምላጭ የያዘው ልጅ ግን ለውጧል።

በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ጉዳይም አለ። በ1978 የወጣው የያማሃ ኤንኤስ10 ነጭ የወረቀት ኮን ያለው ስፒከር፣ ለቤት ታስቦ ተሠርቶ ሳለ በዓለም ዙሪያ የሙዚቃ ስቱዲዮዎች ዋና ዕቃ ሆነ፤ ነገር ግን ትዊተሩ፣ ማለትም የከፍተኛ ድምፅ ማውጫው ክፍል፣ ጆሮ የሚበሳ ነበርና የድምፅ ባለሙያዎች በፊቱ የሶፍት ወረቀት ለጠፉበት። ልማዱ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ተዛመተ፤ የትኛው ዓይነት ሶፍት፣ ስንት ንብብር የሚለውም ጥያቄ መለኪያ መሣሪያ ይዘው እስኪመረምሩት ድረስ በቁም ነገር ተያዘ። ኩባንያው በ1987 ለስቱዲዮ ባወጣው እትም ትዊተሩን አለዘበው። ምርቱ በ2001 የቆመው ለነጩ ኮን የሚሆነው የወረቀት ጥሬ ዕቃ መገኘት በማቆሙ ነው ተብሏል፤ ሶፍቱ ግን በገበያ ላይ እንደ ልብ ነበር።

በአገር ቤት በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ቤት ለዓመታት የኖረ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ቢሰማ ግራ ይጋባ ይሆናል። እሱ ተቀድዶ የመጣውን ኮን በቀጭን ወረቀት ቁራጭና በኮላ ይለጥፈዋል፣ በጣቱ ጀርባ ኳ ኳ አድርጎ ይሰማዋል፣ ሂሳቡን ይቀበላል፤ ሙከራ አደረግሁ አይልም፣ ባለቤቱም ከዋሽንቱ በስተቀኝ አዲስ ስፋት ተገለጠልኝ ብሎ አይመለስም። ከድካም ከዋጋና ከውጤት አንጻር ቢመዘን ከሁሉም ቀቢዎች የሱ ሥራ ይልቃል፤ የቀረበለት ችግር በእርግጥ ነበረ፤ ሲጨርስም ችግሩ የለም።

ይህ ሁሉ ተብሎም መቀባት ያማረው ሰው አይቀርምና፣ ቢቀባ እንዲህ ያድርግ። ከጥንዱ አንዱን ብቻ ቀብቶ ሌላውን እንዳለ ይተው፤ ከመቀባቱ በፊትና ከደረቀ በኋላ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይመዝነው፤ ርካሽ ማይክሮፎንና ነጻ የመለኪያ ፕሮግራም ዛሬ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ፣ የሻከረው ድግግሞሽ በእርግጥ መውረዱን በግራፍ ይየው፤ ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያይበት ቦታ ይቀመጥና ሌላ ሰው እያቀያየረ ያሰማው። የተቀባው ጸጥ ያለ ሆኖ ስለሚገኝ ድምፃቸው እኩል እንዲሆን ማስተካከሉን አይርሳ፤ ጆሮ ከሁለት ነገር ጮክ ያለውን መምረጥ ይወዳልና። መጀመሪያ የሚቀባው ስፒከር ቢጠፋ የማያስለቅስ ይሁን፤ ኮላው ነጭ፣ ቅቡ ስስ፣ ብሩሹም ከኮይሉ የራቀ ይሁን። የፍሬን ዘይቱን ግን ለመኪናው ይተውለት።